ክፍት አይደር

የጀልባዬ ሞተር ጋራዥ ውስጥ ታምማ አታውቅም። የምትታመመው ሐይቁ መሀል ስትደርስ ብቻ ነው። መናኸሪያ ሰፈር ያለው መካኒክ ውኃ የሞላ በርሜል ውስጥ ነክሯት፣ ከራሱ ጀሪካን ቤንዚን ሰጥቷት ገመዷን ገና ሳብ ሲያደርግ ትነሳለች። ድምፅዋ ይጥማል፣ ጭሷ ልክ ነው፣ አንዴም አትደናቀፍም። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ያየኛል። «ጋሼ፣ ምኗን ነው ያመማት ያሉኝ?» ይለኛል። እኔም ጤነኛ ልጁን ሐኪም ቤት እንደወሰደ አባት አፍሬ እቆማለሁ።

ሥራዬ ፍራሽ መሸጥ ነው። ሀዋሳ ተወልጄ፣ ሀዋሳ አድጌ፣ ሀዋሳ ነግጄ፣ ሐይቁን ግን ዕድሜዬን ሙሉ ከዳር ሆኜ ነው ያየሁት። የእኔ ቢጤ ነጋዴ እጁ ላይ ትንሽ ሲተርፈው ሚኒባስ ይገዛል፣ ወይም ምሥራቅ አካባቢ ቤት ያስጀምራል። እኔ አሮጌ ጀልባ ከነሞተሯ ገዛሁ። ባለቤቴ ስትሰማ «ምናለ መጀመሪያ አንዱ ፍራሽ ላይ ጋደም ብለህ ብታስብበት!» አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ጀልባዋን ግን አልመለስኩም።

ከተማ ለቆ የሚሄደው ሻጭ አሠራሯን አሳይቶኝ ነበር። ቤንዚኑ የሚቀመጠው ሞተሯ ውስጥ ሳይሆን ለብቻው በቀይ ፕላስቲክ ታንክ ነው፤ ከታንኩ ወደ ሞተሯ በጎማ ቱቦ ይሄዳል። የታንኩ ክዳን አናት ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። «ይቺን አላላት፣ አየር የምታስገባው እሷ ናት» አለኝ። አላላኋት። ከዚያ ወዲያ ያቺ ብሎን መኖሯንም ረሳሁ።

ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሱቁን ለባለቤቴ ትቼ ወደ ሐይቅ ዳር እወርዳለሁ። ጀልባዋ አንድ ሆቴል አጠገብ ታስራ ትጠብቀኛለች፤ ታንኩን በባጃጅ ከቤት ይዤ እመጣለሁ። ሞተሯ በመጀመሪያው ገመድ ትነሳለች። ሆቴሎቹ እያነሱ፣ የሰው ጫጫታ እየራቀ፣ ነፋሱ ፊቴን እየመታ እሄዳለሁ። ትከሻዬ ላይ ሳምንቱን ሙሉ የተቀመጠው ነገር መውረድ ይጀምራል። ልክ ያኔ ታስላለች። አንዴ፣ ሁለቴ ትስልና ጸጥ ትላለች።

ደሜ ይፈላል። እረግማታለሁ። የሸጠልኝን ሰው፣ የሠራትን አገር፣ ራሴን እረግማለሁ። እየጮህኩ የታንኩን ክዳን እከፍትና ቤንዚን እንዳለ አያለሁ፤ አለ። እዘጋለሁ፤ ገመዱን እስባለሁ፤ ትነሳለች! ምንም እንዳልሆነች ትሮጣለች። ደስ ብሎኝ መሪውን ሳዞር ትንሽ ሄዳ እንደገና ትሞታለች። እንደዚህ ስትሞትና ስትነሳ ዳር እንደርሳለን። አንዳንዴ ደግሞ ክንዴ ገመድ መሳብ ያቅተውና ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን እንዲያ ተቀምጬ ሳለሁ ወደ ከተማችን የምትወርድ አውሮፕላን ከራሴ በላይ አለፈች። ያን ሁሉ ሰው ተሸክማ ሰማይ ላይ የማትቆም ሞተር አለች፤ የእኔዋን ግን አንድ ሰውዬ ውኃ ላይ መሸከም አቃታት። ቀናሁ፤ ወላሂ ቀናሁ።

አንድ የሲዳማ ዓሣ አጥማጅ አለ፤ መረቡን ሲያነሳ ዘወትር እዚያው አካባቢ ስቆም ያገኘኛል። «ጋሼ፣ ዛሬም ጠፋ?» ይላል፣ ገመድ እየወረወረልኝ። ጎትቶ ያወጣኛል። «የኔ መቅዘፊያ ቤንዚን አይጠጣም፣ አይታመምም» ይልና ይስቃል። እኔ አልስቅም።

ዳር ከደረስኩ በኋላ ደግሞ ሌላው መከራ ይመጣል። አገራችን ውስጥ የቆመ ሞተር አጠገብ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው የለም። ባጃጅ ነጂው ወርዶ «ካንዴላ ነው» ይላል። የሆቴሉ ዘበኛ «አይደለም፣ ቤንዚኑ ውስጥ ውኃ አለ፤ አሁን ንጹሕ ቤንዚን የት ይገኛል?» ይላል። ፎቶ ሊነሳ የመጣ ሙሽራ እንኳ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ጎንበስ ብሎ አይቶልኛል፤ ሚዜዎቹ እየጠሩት። ካንዴላ ለወጥኩ። ቤንዚን በሻሽ አጠለልኩ። የመስጊድ ወዳጄ «ዓይን ነው፣ ቁርኣን ይቀራባት» ሲለኝ ተሰብስበን ዱዓ አደረግንላት። በሚቀጥለው ዓርብ እዚያው ቦታ ላይ ቆመች።

መካኒኮቹን ተዉት። የመጀመሪያው ካርቡሬተሯን ፈትቶ ገጠመ። አልሆነም። ሁለተኛው ገና ክዳኗን ሲያነሳ ፊቱን አጨማዶ «ይሄን ማነው የነካው?» አለኝ። ሦስተኛውም ሁለተኛው የሠራውን አይቶ «ማነው የነካው?» አለ። ያው የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው። በመጨረሻ ሰለቸኝና ወደ መጀመሪያው መለስኳት። ከፈታት፣ አገላብጦ አያት፣ አንገቱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ እንዲህ ያበላሻት ማነው?» አለኝ። «አንተ ነህ!» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ከእኔ በኋላ የነካ ሰው ይኖራል» አለ።

ታንኩን አንዳቸውም ጋ ወስጄው አላውቅም። ለምን እወስደዋለሁ? ታንክ ዕቃ ነው፤ ዕቃ ምን ይታመማል? ሐይቅ ዳር ትቼው እንዳልመጣ ደግሞ ቤንዚን በሰልፍ በሚገኝበት ዘመን ውጪ የተተወ ቤንዚን አያድርም። ስለዚህ ሁልጊዜ ወደ ቤት ይዤው እመጣና ኮሪደሩ ላይ፣ ከማድ ቤቱ በር አጠገብ አስቀምጠዋለሁ።

እናቴ አብራን ነው የምትኖረው። ጀልባዋን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልወደደቻትም። ውኃ ትፈራለች፤ ዕድሜዋን ሁሉ ሐይቁ አጠገብ ኖራ እግሯን እንኳ ነክራ አታውቅም። ዓርብ ዓርብ እስክመለስ ድረስ ሙሰበሃዋን እየቆጠረች በረንዳ ላይ ትቀመጣለች። አንድ ምሽት የዓሣ አጥማጁን ገመድ ነገር እየሰማችኝ እራት ላይ ብናገር እጇን ከትሪው አነሳች።

«አንድ ቀን ውኃው መሀል ትቀራለህ» አለች። «እኔን ቅበረኝና ከዚያ ግባ። አሁን ግን ሽጣት።»

«ትስተካከላለች እማ።»

«ስንት ጊዜ ነው የምትስተካከለው?»

እኔም ቱግ አልኩ። «ወላሂ፣ ከእንግዲህ አንዴ ሐይቅ ላይ ከጠፋች በማግስቱ እሸጣታለሁ!»

«ወላሂ ብለሃል፤ ሰምቻለሁ» አለች እናቴ፤ እጇንም ወደ ትሪው መለሰች።

ምላሴን ልቆርጠው ደረስኩ። ቤታችን ውስጥ መሐላ ቀልድ አይደለም። ያቺ ጀልባ ከሌለች ደግሞ ዓርብ ለእኔ እንደ ማክሰኞ ነው፤ ፍራሽ፣ ዋጋ ቀንስ፣ ፍራሽ። ከእጄ ስትወጣ ታየኝ፤ ገና ሳትወጣም ከፋኝ። ያን ሳምንት ሞተሯን እንደ ሙሽራ አሰናዳኋት፤ አዲስ ካንዴላ፣ አዲስ ቱቦ፣ የተጠለለ ቤንዚን። ለክፉም ለደጉም ብዬ ጀልባ የሚፈልግ አንድ የሆቴል ሰው ስልክ ያዝኩ።

ዓርብ ወጣሁ። ያው ቦታ ላይ አሳለች፤ ያው ቦታ ላይ ጸጥ አለች።

አልጮህኩም። ከዚያ በፊት ስትቆም ሁልጊዜ እጮህ ነበር። መሐላዬ ደረሰ፤ አለቀ። ከልማድ የተነሳ ብቻ እጄን ሰድጄ የታንኩን ክዳን ጠመዘዝኩ። ፍስስስ አለ። ከዚያ ወደ ውስጥ የተሰረጎደው የታንኩ ጎን «ዷ» ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ይህ ድምፅ ስንት ዓርብ ጠርቶኛል! በራሴ እርግማን ነው ያልሰማሁት። ብሎኗን በጣቴ ሞከርኳት፤ ጥርቅም ተደርጋ ተዘግታለች። በጥፍሬ ብታገል ንቅንቅ አትልም። ነገሩ ሁሉ በአንዴ ገባኝ፤ ሞተሯ ቤንዚን ስትስብ ታንኩ በምትኩ አየር ስለማያገኝ ይጨመቃል፣ መስጠት ያቅተዋል፣ እሷም ትታፈናለች። ክዳኑን ስከፍትላት ተንፍሳ ትነሳለች፤ ስዘጋባት መልሳ ትሞታለች። መካኒኩ ጋ ደግሞ የምትጠጣው ከክፍት ጀሪካን ነው። በሽተኛ አልነበረችም፤ ስትታነቅ የኖረችው እኔው አንቄያት ነው።

ግን እኔ ብሎኗን አላልቼ ነበር። እና ማነው የነካት? ይህን ጥያቄ ከራሴ አፍ ስሰማው ሊያሥቀኝ ምንም አልቀረው። ብሎኗን በቁልፌ ጫፍ ታግዬ አላላሁና ሞተሯን አስነሳሁ፤ እስከ ዳር ድረስ አንዴም አልቆመችም።

ታንኩን ታቅፌ ስገባ መግሪብ ሊደርስ ነበር። እናቴ የማታ ሥራዋን ጀምራለች። ፀሐይ ስትገባ በቤታችን ክፍት ዕቃ አያድርም። የውኃው ባልዲ፣ የወተቱ ጣሳ፣ ስኳሩ፣ ጨዉ፣ ባዶ ብርጭቆ ሳይቀር ቢስሚላህ እየተባለ ይከደናል፤ ክፍት ካደረ ሸይጣን ይገባበታል። ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምናየው ማየት ትተናል። እጇ ደግሞ እጅ ነው፤ እሷ የዘጋችውን የበርበሬ ጠርሙስ ባለቤቴ ለእኔ ታመጣዋለች፣ እኔም በመከራ ነው የምከፍተው።

ኮሪደሩ መሀል ቆምኩ።

«እማ፣ ይቺን ብሎን ማነው የሚያጠብቃት?»

«እኔ ነኛ። ታዲያ ክፍት ይደር?»

«አንቺ ነሻ ሐይቅ መሀል የምታስቀሪኝ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። ባለቤቴ ከማድ ቤት ብቅ አለች። ታንኩን መሬት ላይ አድርጌ እየተንተባተብኩ እናቴን አስረዳኋት፤ አየሩን፣ ቱቦውን፣ ትንፋሹን። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ እጇ ወደ አፏ ሄደ።

«ቢስሚላህ ብዬ እኮ ነው የዘጋሁት» አለች በቀስታ። «አንተን እንዲጠብቅህ ብዬ።»

በማን ልናደድ? ስንት ሳምንት ያጠራቀምኩት ንዴት መውደቂያ አጣ። እናቴ እራት አልበላችም፤ ባልዲውን ከድና፣ ወተቱን ከድና፣ ታንኩን ሳትነካ አልፋ ተኛች።

ጠዋት ለሆቴሉ ሰው ልደውል ስልኬን ሳነሳ ከኋላዬ መጣች። ውጪ ደርሳ ተመልሳለች፤ ጫማዋ አቧራ ነው።

«ተወው» አለች። «ሼሁን ጠይቄያለሁ። መሐላውን ያፈረሰ አሥር ምስኪን ያበላል። እኔ እሠራለሁ፣ አንተ ትጠራለህ።»

«እማ፣ አንቺ አይደለሽ እንዴ ሽጣት ያልሽው?»

«በራሷ ጥፋት ብትጠፋ ኖሮ ዝም እል ነበር። የእኔ እጅ ባጠፋት ልጄ ዓርቡን ሲያጣ ግን አላይም።»

እሑድ ግቢያችን ውስጥ ሰዎቹ በልተው ምርቃት ሰጡን። እናቴ ከድስቱ አጠገብ አልተነሳችም። ከእነሱ መሀል አንዱ የምን ድግስ እንደሆነ ቢጠይቅ «የብሎን ነው» አለችው፤ እሱም አሜን ብሎ በላ።

በሚቀጥለው ዓርብ ታንኩን ከኮሪደሩ ሳነሳ ክዳኑ አናት ላይ አንዲት መፋቂያ አየሁ። የእሷ ናት፤ ጫፏ ታኝኳል። በላላችው ብሎን ላይ ተጋድማ፣ እንዳትወድቅ በነጭ ክር ታስራለች። ምን እንደሆነች ገባኝ። ልጆች ሳለን መክደኛ ሲጠፋ «ቢስሚላህ ብሎ እንጨት ጣል ማድረግም ይበቃል» ትለን ነበር። ሳልፈታት ከነመፋቂያዋ ይዤ ሄድኩ።

ሞተሯ ተነሳች። የምታስልበት ቦታ ስንደርስ መሪውን ጨብጬ ጠበቅኋት፤ አላሳለችም። ዓሣ አጥማጁ ገመዱን ሊያነሳ ብድግ ሲል እጄን አውለብልቤለት አለፍኩ። ሄድኩ፣ ሄድኩ፣ ከተማው ከኋላዬ ጠፋ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተሯን በገዛ እጄ አጠፋኋትና በጸጥታው ውስጥ ተቀመጥኩ።

ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት።

«ድምፅ የለም፤ ጠፋች እንዴ?»

«እኔ ነኝ ያጠፋኋት እማ።»

ትንፋሿን ሰማሁት። «አልሃምዱሊላህ። በል ስትመለስ ቀስ ብለህ ና። በሩን አልዘጋሁትም።»