አራት ስልክና አንድ ድምፅ ይዘን እስከ ሻሸመኔ

ማክሰኞ፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ናዝሬት

የጭነት መኪናችን ጋቢና ሦስት ሰው ይይዛል። ሾፌሩ ቱሉ አንድ፣ የሥዕል ባለሙያው ጓድ ሲራክ ሁለት፣ የጓድ ሲራክ ኮት ሦስት። ኮቱ እንዳይጨማደድ ብቻውን ወንበር ስለያዘ እኔ ከኋላ፣ ሸራ ሥር፣ ከአሥራ ሁለት ሥዕሎችና ከአራት ስልኮቼ ጋር ተጭኛለሁ።

“አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ ጋሼ! ይመቻል?” ይላል ቱሉ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ።

“እንደ ኮት ባልሆንም ይመቻል” አልኩት።

ባለቤቴ ጥሩነሽ ትኩስ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ቋጥራ መጣች። እጄን ዘረጋሁ። አልፋኝ ሄደችና ለሲራክ በመስኮት አቀበለችው። “እንግዳ ነዎት፤ መንገድ ላይ እንዳይርብዎ” አለችው። ለእሱ “እርስዎ”፣ ለእኔ “አንተ፣ ሸራውን ሸፍነው ብርድ ይገባል”። ብርዱ የሚገባው እኔ ላይ ሳይሆን ሥዕሎቹ ላይ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ቅናቴ ከዋዜማው ነው የጀመረው። ስልኮቹን ቤቴ ስንሞክር አንዱን ሳሎን፣ አንዱን ጓሮ አደረግሁና ጥሩነሽን ከሲራክ ጋር አገናኘኋት። ሳቋ ከጓሮ እስከ ጎረቤት ተሰማ። እኔ ስለ ገመድ ማውራት ስጀምር ግን ጀርባዋን ሰጥታኝ ምስር ትለቅማለች። በትዳራችን ዘመን የለቀመችው ምስር አንድ ክፍለ ጦር ያበላል። ጀርባዋን ከፊቷ ይልቅ አሳምሬ አውቀዋለሁ።

የስልኮቹ ነገር እንዲህ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የኖርኩት ስልክ ቤት ውስጥ፣ የሰውን ወሬ ከሰው ወሬ በማገናኘት ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ቀን ናዝሬት አዳራሽ ውስጥ የሥዕል ኤግዚቢሽን አየሁ። ባለሙያው ተናግሮ ሲጨርስ “ጥያቄ ያለው?” አለ። አንድም እጅ አልወጣም። በዚያ ዘመን በአዳራሽ ውስጥ እጅ ማውጣት ምን እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። በር ላይ ግን አንዱ ሽማግሌ ለጓደኛው “ያ ቀይ ነገር ምንድን ነው?” ሲል በሹክሹክታ ሰማሁት። ጥያቄውማ አለ፤ የጎደለው መደበቂያ ነው። ስልክ ደግሞ ፊት የለውም።

ከዚያ የተጣሉ በእጅ የሚዞሩ ስልኮች ለምኜ ጠገንኩ፤ ከሳሙና ሣጥን ገመድ እየነቀሉ የሚሰኩበት ማዞሪያ ሠራሁ። ተመልካቹ ሥዕሉ ፊት ቆሞ ስልኩን ያዞራል። እኔ በሚቀጥለው ክፍል ሆኜ “ስንት ቁጥር ሥዕል?” እላለሁ፤ ከዚያ አጠገቤ ለተቀመጠው ባለሙያ አቀብለዋለሁ።

በሦስት ከተማ ሞክረነው ቅዳሜ ናዝሬት ስንመለስ፣ ከአዲስ አበባ የሙዚየም ሰዎች መጥተው ያዩታል። ከወደዱት ሙዚየም ይገባል። ታዲያ በየበሩ የሚለጠፈው ወረቀት “በጓድ ሲራክ የተዘጋጀ የሥዕልና የስልክ ኤግዚቢሽን” ይላል። ስሜን በጀርባውም ገልብጬ ፈለግሁት። የለም።

ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት፣ መቂ

የሞጆን ኬላ ተፈትሸን አለፍን። ፈታሹ ስልኮቹን አይቶ “ከማን ጋር ነው የምትነጋገሩት?” አለ። ቱሉ “ከሥዕል ጋር” ብሎት ሊያስወርደን ነበር። ቆቃ ላይ ውኃው በግራችን ተዘርግቶ፣ ዓሣ ሻጮች በልጥ የተሰኩ ዓሦችን መንገድ ዳር ሲያወዛውዙ አየሁ፤ ከዚያ በኋላ ያየሁት አቧራ ብቻ ነው። መቂ ስወርድ የአህያ ጋሪ የሚነዳ ሰው “እኚህ ዱቄት ፋብሪካ ነው የሚሠሩት?” ብሎ ጠየቀ።

የከተማው ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ሥዕሎቹን ሰቀልን። የመጀመሪያው ስልክ ጮኸ።

“ሃሎ! ገመቹ እባላለሁ፣ የገበሬ ማኅበር አባል ነኝ፣ መዋጮዬን ከፍያለሁ!”

“አባቴ፣ ስንት ቁጥር ሥዕል?”

“እንዴት አደርክ? ልጆች ደህና? ከብቱስ? ዝናቡስ በእናንተ በኩል እንዴት ነው?”

ሁሉንም መለስኩለትና ለሲራክ አቀበልኩት። ሰላምታው እንደገና ከልጆቹ ጀመረ። የሠራሁት መሣሪያ አንድ ጥያቄ በሁለት ደቂቃ እንዲጨርስ ነበር፤ ሰላምታውን ሳልቆጥር መቅረቴ የሽማግሌ ሒሳብ ነው።

በመጨረሻ ገመቹ “ይህ በሬ አያርስም። የቀንበሩ ማነቆ ተገልብጧል” አለ።

ጆሮዬን ማዳመጫው ላይ ለጠፍኩ። አሁን ይወድቃል አልኩ። ሞስኮ ተምሮ የመጣ ሰው ስለ ማነቆ ምን ይላል?

ሲራክ በዚያ ማር በሆነ ድምፁ “እውነትዎን ነው አባቴ። ሠዓሊው ቀለሙን እንጂ በሬውን እንደ እርስዎ አላወቀውም። ለእሱ እነግርልዎታለሁ” አለ።

ሰውዬው ከደስታው ብዛት ስልኩን ሳመው። ስህተት ሲቀበል እንኳ ያምርበታል! ስንወጣ ሰዉ ሲራክን ከቦ ሸኘው። እኔን ያየኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም “አባባ፣ ጫማዬን እስካስር ይቺን ዱላ ያዙልኝ” ሊለኝ።

ረቡዕ፣ ስምንት ሰዓት፣ ዝዋይ

ምሳ የዓሣ ጥብስ በዳጣ። ሲራክ ሁለት በልቶ፣ ሐይቁ ዳር ያሉትን ወፎች ልሣላቸው ብሎ ሄደ። ቱሉ ከመኪናው ሥር ጥላ አግኝቶ ተጋደመ። ማዞሪያዬ አጠገብ ብቻዬን ቀረሁ።

ስልክ ጮኸ። “አስካለ እባላለሁ፣ ዓሣ ነጋዴ ነኝ፣ ቀበሌ ዜሮ ሁለት” አለች። “ሰባት ቁጥር። ያንን ባለሙያ አቅርብልኝ።”

ባለሙያው እርሳስ ይዞ ወፍ እያሳደደ ነው። “የለም” ማለት ነበረብኝ። እጄ ግን ገመዱን ከዚህ ነቅሎ እዚያ ሰካ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ ድምፄን አወፈርኩ።

“አቤት፣ ጤና ይስጥልኝ” አልኩ። ማር ባይሆንም ሽሮፕ ያህል ነበር።

ሰባት ቁጥር ሥዕል አንዲት ሴት ነች። ባዶ ቅርጫት አጠገቧ አስቀምጣ፣ ለሚያያት ሁሉ ጀርባዋን ሰጥታ ሐይቁን ትመለከታለች። ሌላ ምንም የለውም።

“ይቺ ሴትዮ ለምንድን ነው ጀርባዋን የሰጠችን? ምን አደረግናት?” አለች አስካለ።

የሥዕል ነገር አንዳች አላውቅም። ጀርባ ግን አውቃለሁ። “ስብሰባ ሰልችቷት ነው” አልኳት።

መስመሩ የተበጠሰ መሰለኝ። ከዚያ ሳቋ በማዳመጫው ብቻ ሳይሆን በግድግዳውም መጣ። ስልኩን ጣለችና “ኑ! ኑ ይህን ስሙ!” ስትል ሰማኋት። ስልኩ ደጋግሞ ጮኸ፤ ሁሉም ሰባት ቁጥር። ለአንዱ “ሊቀመንበሩ አሁን ሁለተኛው ነጥብ ላይ ነው” አልኩት። ለሌላዋ “ቅርጫቱ ባዶ የሆነው ገበያ ሳትሄድ ስብሰባ ስለዋለች ነው” አልኳት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የሚሰማኝ ሰው አግኝቼ አላውቅም።

ሲራክ ከወፎቹ ሲመለስ ሰዉ ተነስቶ ተቀበለው። አስካለ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትልቅ የተጠበሰ ዓሣ አስታቀፈችው። “አንጀቴን ነው ያራስክልኝ፣ የኔ ጌታ” አለችው። ግራ ገብቶት አመሰገናት።

ከዚያ ዓሣውን ከሁለት ገምሶ “ጋሽ ደበበ፣ እንካፈል” አለኝ።

የገዛ ሽልማቴን ከእሱ እጅ በላሁ። እስከዚያ ቀን በሰው እቀና ነበር፤ ያን ቀን በራሴ ቀልድ ቀናሁ። ቀልዱ ከእኔ ወጥቶ በሲራክ ስም ተከብሮ ይኖራል፤ እኔ አጥንት እለቅማለሁ።

ዓርብ፣ አራት ሰዓት፣ ሻሸመኔ

ሐሙስን የበላው ጎማ ነው። ላንጋኖ አካባቢ ፈነዳብንና ቱሉ ሲለጥፍ ዋለ። እኔ ግራር ሥር ተቀምጬ ቡናማውን ውኃ ሳይ፣ ቱሉ ጎማውን እየመታ “ጋሼ፣ መኪና ሥር የተኛ ሰው ጆሮ አለው” አለኝ። ግድግዳው ስስ ነበር። ሁሉን ሰምቶኛል።

“ለሲራክ ነገርከው?”

“ኤዲያ! እኔ ሾፌር ነኝ። የማደርሰው ዕቃ ብቻ ነው።”

ሻሸመኔ ግን ወሬው ቀድሞን ገብቷል። ከዝዋይ የተነሱ የጭነት ሾፌሮች በየምግብ ቤቱ አራግፈውታል። አዳራሹ ከመከፈቱ በፊት ሰልፉ መናኸሪያው ድረስ ደረሰ፤ ሁሉም ለሰባት ቁጥር።

ሲራክ ማዳመጫውን አንስቶ እውነተኛውን ነገር ይነግራቸው ጀመር። ሠዓሊው የትከሻዋን መስመር ከተራራው መስመር ጋር እንዴት እንዳገጣጠመ፣ ፊቷን የደበቀው እያንዳንዳችን የምናውቃትን ሴት እንድናስብ መሆኑን። ደግ መልስ ነበር፤ ዛሬ ላይ ሳስበው ከእኔው ይበልጣል።

“አይደለም፣ አይደለም! ያኛውን ንገረን! የስብሰባውን!” ይሉታል።

ማዳመጫውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። “ጋሽ ደበበ፣ እኔ ስለ ስብሰባ መቼ ተናገርኩ?”

እኔ በደንብ የጠበቀ ብሎን እንደገና አጠብቃለሁ።

አንድ ስልክ ጮኸ። አነሳሁ። ስም የለ፣ ቀበሌ የለ፣ ልጆች ደህና የለ። በጉዟችን ሁሉ ሰላምታ ያልሰጠን ብቸኛው ሰው። ካድሬ እንደሆነ ከዚያው አወቅሁ።

“ሰባት ቁጥር” አለ።

መስመሩ ተበላሽቷል ልል አሰብኩ። ግን አዳራሹ አሥር እርምጃ ነው። ለሲራክ አቀበልኩት፤ ጆሮዬን ግን አላነሳሁም።

“ሴትየዋ ለምንድን ነው ጀርባዋን የሰጠችው?” አለ ካድሬው። ሲራክ ስለ ትከሻውና ስለ ተራራው ነገረው።

“ዝዋይ ላይ እንዲህ አይደለም ያልከው።”

ሲራክ ቀና ብሎ አየኝ። ብሎኑን፣ ላቤን፣ ጣቴን አየ። ሁሉም ገባው። በዚያ ዘመን ለእንዲህ ያለ ወሬ ሰው ተጠርቶ ሄዶ ሳይመለስ ይቀራል። ሲራክ ጣቱን ወደ እኔ መቀሰር ይችል ነበር።

“ድምፁ የኔ ነው ካሉ…” ብሎ ጀመረ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጀግና ነበርኩ ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። እርግጥ ፈራሁለት። ግን ከፍርሃቱ ጋር አንድ ነገር ደረቴን አቃጠለኝ፤ ይህንንም ሊወስድብኝ ነው! ዳቦዬን፣ ዓሣዬን፣ የሚስቴን ሳቅ ወሰደ፤ አሁን ደግሞ ጥፋቴን! ገመዱን መንጥቄ ከራሴ ስልክ ጋር ሰካሁት።

“ሃሎ! ደበበ እባላለሁ፣ የናዝሬት ነዋሪ፣ ጡረተኛ የስልክ ሠራተኛ። ዝዋይ ላይ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ጓድ ሲራክ ወፍ ሊሥል ሄዶ ነበር። ደግሞም ይህንን መሣሪያ የሠራሁት እኔ ነኝ!”

የመጨረሻውን ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

ካድሬው ስልኩን ትቶ በበሩ ገባ። ካኪ ለባሽ፣ ቀጭን፣ ከልጄ የሚያንስ ሰው ነው። “ስብሰባ ሰለቻት ያልከው የትኛውን ስብሰባ ነው?”

“የቤቴን” አልኩ። “ጓድ፣ ሴትዮዋ ቁርጥ ባለቤቴን ነው የምትመስለው። ቤቴ ውስጥ ስብሰባ ጠሪው እኔ፣ ሊቀመንበሩ እኔ፣ ተናጋሪው እኔ ነኝ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ምስር ትለቅማለች። ካላመንክ ሾፌሩን ጠይቀው።”

ቱሉ ከበሩ ሥር “እውነት ነው፣ በየቀኑ ነው የሚሰበስቧት” አለ።

ካድሬው ከንፈሩን ነከሰ። ሳቅ ይሁን ቁጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ማስታወሻውን አውጥቶ ረጅም ጊዜ ጻፈ። ሰባት ቁጥር እንዲወርድ አዘዘና፣ ኤግዚቢሽኑን ላዘጋጀው የናዝሬት መሥሪያ ቤት አንድ ወረቀት በቱሉ እጅ ላከ።

ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ናዝሬት

ስንመለስ ጋቢና ውስጥ ነበርኩ። ሲራክ ኮቱን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነበር። ሞጆ ስንደርስ፣ ቱሉ የዝዋዩን ድምፄን አስመስሎ ሲያሰማው፣ “እንዲህ ሽሮፕ የመሰለ ነው የኔ ድምፅ?” አለኝ። ቱሉ መሪውን ሊለቅ ደረሰ።

ወረቀቱን የመሥሪያ ቤቱ አለቃ አነበበልኝ። “ደበበ የተባለው የመሣሪያው ፈጣሪ ሥነ ሥርዓት የጎደለው በመሆኑ ማዞሪያው አጠገብ እንዳይደርስ” ይላል። “የመሣሪያው ፈጣሪ” የሚለውን ደግመህ አንብብልኝ አልኩት። ግልባጭም ጠየቅሁ፤ ከለከለኝ።

ስለዚህ የሙዚየም ሰዎች ሲመጡ ማዞሪያው ላይ ቱሉ ተቀመጠ፤ እኔ እንደ ተመልካች አዳራሹ ውስጥ ቆምኩ። እንግዶቹ አራቱንም ስልክ አዞሩ፣ ከሲራክ ጋር ተነጋገሩ፣ “እናጠናዋለን” ብለው ሄዱ። እያጠኑት ነው መሰለኝ፣ እስካሁን መልስ አልመጣም።

ሰዉ ሲቀል ጥሩነሽ ገባች፤ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ባዶው የሰባት ቁጥር ምስማር ፊት ቆመች። ስልኩን አዞረች። እኔን አላየችኝም።

“ጥሩነሽ ነኝ። እርስዎ እንዴት ዋሉ? ዳቦው ደረሰልዎ?” ሳቀች። “እዚህ ምስማር ላይ የነበረው ምንድን ነው?”

ሲራክ የመለሰላትን አልሰማሁም። ጥሩነሽ ግን ቀስ ብላ ዞረች፤ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

“ስለዚህኛው የሚያውቀው ባለሙያ አጠገቤ ቆሟል አሉኝ” አለች። “በል፣ ንገረኛ።”

ነገርኳት። ሴትዮዋን፣ ቅርጫቱን፣ ዝዋይን፣ ምስሩን፣ ካድሬውን። አንዴም ጀርባዋን አልሰጠችኝም። ግን ስልኩን ከጆሮዋ አላወረደችም። አንዱ ጆሮዋ ለእኔ፣ ሌላው ለሲራክ! ወሬዬን ሳላቋርጥ በጫማዬ ጫፍ ግድግዳው ሥር ያለውን ገመድ ፈልጌ ነቀልኩት።

ጥሩነሽ ማዳመጫውን አጥብቃ ያዘች። ዐይኗ ከዐይኔ አልተነቀለም።

“ሃሎ፣ ጓድ ሲራክ” አለች ለተቆረጠው ስልክ፣ “ባለቤቴ ገመዱን ነቀለው መሰለኝ። እሱ ወሬውን እስኪጨርስ ትንሽ ይታገሱኝ።”