ያልገለበጥኩት ግማሽ ገጽ

ባለፈው ቅዳሜ ገርጂ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ምስር እየለቀምኩ ሳለሁ የመጨረሻ ልጄ ሰላም ላፕቶፗን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ፕሮግራም መጻፍ እንጀራዋ ነው። ሲ ለሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ የተሠራ አንድ የድሮ ትንሽ ኮምፓይለር ከኢንተርኔት አውርዳ ለብቻዋ ትስቃለች። "እማዬ፣ ይሄ ነገር አስርዮሽ እንኳ አያውቅም እኮ" ብላ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ከላይ የሚያውቃቸው፣ ከታች የማያውቃቸው ተዘርዝረዋል። መነጽሬን ሳላደርግ አወቅኩት፤ በወጣትነቴ የሠራሁበት ነው።

ኮምፓይለር ማለት ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚመልስ አስተርጓሚ ነው። በደርግ ዘመን ቦሌ መንገድ ላይ የነበረው መሥሪያ ቤታችን አንዲት ኮምፒዩተር ነበረችው። እንደ ሳሎን ቴሌቪዥን ዳንቴል ለብሳ ትቀመጣለች፤ የክፍሏ ቁልፍ ከአለቃችን ኪስ አይወጣም። እኔና የሥራ ባልደረባዬ ኪሮስ ፕሮግራማችንን በወረቀት ጽፈን፣ ሲፈቀድልን ብቻ ነበር የምንነካት።

ሲን ያስተማረኝ ኪሮስ ነው። ዘመዱ ከውጭ ያመጣለትን ወፍራም መጽሐፍ በምሳ ሰዓት እየገለጠ ያስረዳኛል። ክረምት ነበር፤ ከአጥሩ ሥር ዝናቡን ተጠልላ ከምትጠብስ ሴትዮ አንድ የበቆሎ እሸት ይገዛና ለሁለት ሰብሮ ትልቁን ለእኔ ይሰጠኛል። እጃችን ጥላሸት በጥላሸት ሆኖ ወደ ሥራ እንመለሳለን። ይህ ደግነቱ ያናድደኝ ነበር። ከእኔ እንደሚሻል አውቅ ስለነበር ይመስለኛል።

በዚያው ክረምት ለአንድ ሰው የሚሆን የውጭ አገር ትምህርት ዕድል መጣ። አለቃችን ሁለታችንንም ጠርቶ፣ የመሥሪያ ቤቱን መኪኖች አማካይ የነዳጅ ፍጆታ የሚያሰላ ፕሮግራም በሦስት ሳምንት ጽፈን እንድናቀርብ አዘዘ። የተሻለው ይሄዳል። እስከዚያ ድረስ ማሽኗን ማንም እንዳይነካት ቆለፈባት። እኔ ብቀር የሚቀርብኝ አውሮፕላን መሳፈር ነበር። ኪሮስን ግን ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና መዝግቦታል፤ ለትምህርት የሚሄድ ሰው ብቻ ነው ከዝርዝሩ የሚሰረዘው። ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር።

የኮምፓይለሩ መመሪያ የሚቀመጥበት ቁም ሳጥን በእኔ ኃላፊነት ሥር ነበር። ኪሮስም ኮምፓይለሩ የሚቀበለውንና የማይቀበለውን ገልብጬ እንድሰጠው ለመነኝ። ቁጭ ብዬ የገጹን የላይኛውን ግማሽ በንጹሕ ጽሕፈት ገለበጥኩለት፤ ሙሉ ቁጥር፣ ፊደል፣ ሁኔታ ማመዛዘን፣ ድግግሞሽ። የታችኛውን ተውኩት። አስርዮሽ ቁጥር አይቀበልም፣ የተለያዩ መረጃዎችን በአንድ ስም ማሰር አይቻልም ይል ነበር። ኪሮስ በመጽሐፉ ካሉት ሁሉ አብልጦ የሚወደው እነዚያን ነበር።

ወረቀቱን አነበበና፣ "ስለ አስርዮሽ ምንም አይልም?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ሌላው እንደ መጽሐፉ ነው ይላል" አልኩት።

አመነኝ። እኔ ሊትሩን በመቶ እያባዛሁ በሙሉ ቁጥር ስሠራ፣ እሱ ሦስት ሳምንት ሙሉ በአስርዮሽ ጻፈ። ረቂቁን ሲያሳየኝ፣ እንዴት ያምራል ብዬ አመሰገንኩት። በእርግጥም ያምር ነበር።

ቀኑ ደረሰ። የእኔው አስቀያሚ ነበር፤ ግን ሠራ። የኪሮስ ሲገባ ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች በስህተት መልእክት ተሞላ። አለቃችን ስለ ኮምፒዩተር የሚያውቀው ቁልፏን ብቻ ቢሆንም ከት ብሎ ሳቀ። "ጓድ ኪሮስ፣ ማሽኗ እንኳ አልፈለገችህም" አለው። የቢሮው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ኪሮስ ከደረት ኪሱ ወረቀቱን አወጣ። ጽሕፈቱ የእኔ ነው፤ መመሪያው ከቁም ሳጥኑ ወጥቶ ቢመሳከር አለቀልኝ። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየኝ፣ መልሶ አጠፈው። ሲወጣ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረልኝ።

"ጽሕፈትሽ ያምራል" አለኝ። ከዚያ በኋላ አላነጋገረኝም።

በዚያው ቀን ወረቀቱን ቦጫጭቄ ጣልኩት። መስከረም ላይ እኔ በረርኩ። እሱን በጭነት መኪና ወደ ሰሜን ወሰዱት፤ እናትና አባቱ ወደመጡበት ወደ ትግራይ፣ የገዛ አገሩን ሰው ሊወጋ። ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ መርዶው ገና መድረሱ ነበር። ሃያ ሁለት ወዳለው ቤታቸው ለቅሶ ሄድኩ። እናቱ የልጄ ጓደኛ እያሉ አንገቴ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ። አብሬያቸው አለቀስኩ። ያቀረቡልኝን ንፍሮም በላሁ።

ሰላም ስክሪኑን እያየች፣ "ይሄን የታችኛውን ሳያነብ ፕሮግራም የሚጽፍ ሞኝ ይኖር ይሆን?" አለች።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ስልሳ ዓመት አልፎኛል፤ የሚከሰኝም የሚሽረኝም የለም። ዕድሜና ጸጸት ሰውን ያለሰልሳሉ ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔን አላለሰለሱኝም። የሆነው ይህ ብቻ ነው፤ ልጄ ታከብረኛለች፣ እኔም መከበሩን ለምጄዋለሁ።

"አንድ ሞኝ አውቅ ነበር" አልኳት።

ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ።