ትኩስ ንቅሳት የሚያሽ እጅ

ታኒኤሉ በሰፊው ውቅያኖስ መካከል ባለችው በሳቫይ ደሴት ሰሜናዊ ዳርቻ የሚኖር ዓሣ አጥማጅ ነው። ጎደሬ ይተክላል፣ ጨረቃ ስትጎድል መረብ ይጥላል፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ተቀምጦ በወፍራም ድምፅ ይዘምራል። ሰው የሚፈልገው ግን ለእጁ ነው። ወጣቶች ከወገብ እስከ ጉልበት ሲነቀሱ፣ ነቃሹ የአጥንት ጥርስ ባለው መሣሪያው ቆዳቸውን መትቶ ሲነሣ፣ የቀረው ሥራ የታኒኤሉ ይሆናል። የተነቀሰውን ባሕር ውስጥ እስከ ወገቡ ያስገባዋል፤ ትኩሱን ቆዳ በመዳፉ እየጨመቀ ደሙንና ውሃውን ያወጣል፤ ከዚያ በኮኮናት ዘይት ያሸዋል። ያልታሸ ቆዳ ያብጣል፣ ይጓጉላል፣ ሲደርቅም እንደ አሮጌ ጫማ ይጠነክራል። ነቃሽ እንዲህ ባለው ላይ መልሶ አይመታም። የተነቀሱ ሁሉ የሚስማሙበት ነገር ቢኖር ከመታሸት መመታት ይሻላል የሚለው ነው።

እሱ ራሱ ግን አልጨረሰም። በጉርምስናው ግራ ጎኑ ተነቅሶ ቀኙ እንደተወለደ ቀረ። ጅምር ንቅሳት በዚያ አገር የዕድሜ ልክ ሐፍረት ነው፤ ለዘመድም ይተርፋል። ስለዚህ ሽርጡን እስከ ቁርጭምጭሚቱ አርዝሞ ይሄዳል። ጓደኞቹ ባሕር ዳር ሲያዩት “ጅምሩ መጣ” ይላሉ። እሱም “ጅምርስ ጅምር ነኝ፤ የእናንተን ያስጨረሰው ግን የማን እጅ ነው?” ብሎ ያስቃቸዋል።

ዘንድሮ ተራው የእህቱ የሉሲያ ልጅ የኢዮፑ ሆነ። ወገቡና አንድ ጭኑ አለቀ። ባሕር ውስጥ ሲታሽ የጮኸው ጩኸት ግን ግድግዳ በሌለው ቤት ለተቀመጠችው እናቱ ደረሰ። ሉሲያ በታኒኤሉ ሚስት በኩል አንዲት ቃል ላከች፦ “ወንድሜ እጁን ከልጄ ላይ ያንሣ።”

እህት ለወንድሟ የዓይን ብሌን ናት ይላሉ፤ እሷ ከተናገረች እሱ አይመልስም። በዚያ ላይ ስለ ጭንና ስለ ገላ በእህት ፊት ማውራት ነውር ነው። ታኒኤሉ እጁን ሰበሰበ።

ኢዮፑ በማግሥቱ ምንጣፍ ላይ ተኝቶ ዋለ። ጭኑ ተነፋ፣ ቆዳው ተወጥሮ አብረቀረቀ። ነቃሹ አየውና ራሱን ነቀነቀ። “እብጠቱ ካልሰከነ ዕቃዬን ጠቅልዬ እሄዳለሁ” አለ።

“አጎቴ፣ ይኸው ተገላገልኩህ” አለ ኢዮፑ።

“ተገላገልከኝ። ከእንግዲህ በሙቀት ጊዜ ረጅም ሽርጥ እንዴት እንደሚለበስ አስተምርሃለሁ።”

ልጁ መሳቅ ጀምሮ ተወው።

የሚወደውን ሰው ጩኸት መስማት ያቃተው ሰው፣ ጩኸቱን ሲያስቆም ሕመሙን ያስቆመ ይመስለዋል። ርኅራኄ ብዙ ጊዜ ለገዛ ጆሮው ነው የሚያዝነው። ታኒኤሉ ይህን ከቆዳው ያውቀዋል፤ ቆዳ ደግሞ መልካም ሐሳብ አይቆጥርም።

ቀኑ ሲበርድ ወደ እህቱ ቤት ሄደ። ደጁ ላይ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ተቀመጠ። ሉሲያ ምንጣፍ ትሠራ ነበር።

“ቃልሽን አክብሬያለሁ” አላት።

“አውቃለሁ። ታዲያ ለምን መጣህ?”

“እኔ ለምን እንዳልጨረስኩ ምን ብለው ነገሩሽ?”

ጣቶቿ ቆሙ። በዚህ ጉዳይ በመካከላቸው ቃል ተነሥቶ አያውቅም። “ታመመ ነው ያሉኝ። ልጅ ነበርኩ እኮ።”

“መታመሙንስ ታምሜ ነበር። ግን ሕመሙ የመጣው በኋላ ነው። ጩኸቴ የእናታችንን አንጀት በላው። ‘ማንም እንዳይነካው’ አለች። የሚያሹኝም እሺ አሏት፤ ያኔ ነው ቆዳዬ ያበጠው።”

“እናቴን አትውቀስብኝ።”

“አልወቀስኳትም። ወዳኝ ነው። እኔም እሺ ያልኩሽ ወድጄሽ ነው፤ ያስፈራኝም ይኸው ነው።”

“ልጁ ቢሞትብኝስ?”

“በመታሸት የሞተ አላየሁም። ሲሳደብ ግን የሰማሁት ብዙ ነው። ያንቺው ደግሞ አፉ አያርፍም፤ ከማን እንደወረሰው እንጃ።”

“ከአባቱ ነው” አለች ቶሎ ብላ። ከዚያ ሥራዋን ወደ ጎን አደረገችው። “ያልኩትን መልሼ ወስጃለሁ። ግን ቤት ቁጭ ብዬ አልሰማውም። እመጣለሁ።”

ጠዋት ሉሲያ ከሦስት ጎረቤቶቿ ጋር አሸዋው ላይ ተቀመጠች፤ ለባሕሩ ጀርባቸውን ሰጥተው። ታኒኤሉ ኢዮፑን ደግፎ አስገባው፤ መዳፉንም ጭኑ ላይ አሳረፈ። የመጀመሪያው ጭምቅ ልጁን አጎበጠው። “አጎቴ፣ አንተ ሰው አይደለህም” አለ ጥርሱን ነክሶ። ሉሲያ መዝሙር አነሣች። ልጁ በጮኸ ቁጥር ድምፅዋ ከፍ ይላል፤ አንዴም ዞር አላለችም። ታኒኤሉ ከጉልበት ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ጉልበት እየጨመቀ ቀጠለ። ውሃው በጭኑ ዙሪያ ጠቆረ፣ ቀላ፣ ኋላም ጠራ።

ከሰዓት በኋላም፣ በማግሥቱም እንዲሁ አደረጉ። ነቃሹ መጥቶ አውራ ጣቱን በልጁ ጭን ላይ ጫን አድርጎ አነሣ፤ ቆዳውም ለስልሶ ወደ ቦታው ሲመለስ አየ። ዕቃውን ፈትቶ የመሣሪያውን የአጥንት ጥርስ መሳል ጀመረ።