በወይራ የታጠነው ማስክ

ቆቦ አጠገብ ባለ የሽንኩርት እርሻ የትል መድኃኒት በመበጥበጥ ሥራ የተቀጠርኩ ዕለት መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ቤት የተውኳት ልጄ ገና ጡት አልጣለችም። የማሸተው ሁሉ ወተቴ ውስጥ የሚገባ መሰለኝ።

የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ ታደሰ ግራና ቀኙ ላይ ክብ ማጣሪያ ያለው ማስክ ሰጡኝ።

«ውስጡ ምንድን ነው?»

«ከሰል።»

«ኧረ ጋሽዬ! ከሰልማ እኔም ቤት ሞልቷል።»

«ያንቺ ወጥ ያበስላል፣ ይኼ ሽታ ይይዛል» ብለው ሳቁ። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው፣ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሞልቶታል፤ መርዙ አየሩ ላይ ስስ ቢሆን እንኳ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይለጠፋል አሉኝ። አላመንኩም። ማስኩን ሳጠልቅ እሳቸው የላምባ ጠርሙስ አፍንጫዬ ሥር ከፈቱ። ምንም የለም።

«ውኃ ነው እንዴ?» ስል ማስኩን ገለጥ አደረጉት። አስነጠሰኝ።

ከዚያ ወዲህ በላምባ ሳልሞክር ገብቼ አላውቅም። አብራኝ የምትሠራው እትዬ ዘሀራ «ላምባዬ» ብላ ስም አወጣችልኝ። እሷ ከብት አርቢ ቤት ያደገች የቆላ ሰው ናት።

አንድ ጠዋት እትዬ ዘሀራ ማታ የወሰደቻቸውን ማስኮቻችንን ከቤቷ ይዛ መጣች። ላብ ላብ ቢሸቷት እንደ ወተት ዕቃ በወይራ አጥናቸዋለች። የመድኃኒት መርጫ በጀርባቸው ያዘሉት ወንዶች እየተቀባበሉ አሸተቱ። «ይኼማ እርጎ ነው የሚፈልገው!» አሉ።

እኔ ማስኬን አጥልቄ የላምባ ጠርሙሴን ከፈትኩ። ላምባው በወይራው መሀል ቁልጭ ብሎ መጣ።

«አልገባም!»

የእርሻው ፎርማን ጮኸ፦ «ትሉ ሽንኩርቱን እየበላው አንቺ ታሸቻለሽ? ወይ ግቢ ወይ ቤትሽ ሂጂ!»

ቤታችን ያለዚያ ሥራ ሌላ መተዳደሪያ የለውም።

«ልጅ አጠባለሁ፤ አልገባም» አልኩት።

«እስቲ አንተ ግባበት ልጄ፣ በወይራው ታምራለህ» አለችው እትዬ ዘሀራ። ፎርማኑ ጋሽ ታደሰን ጠራ።

ጋሽ ታደሰ ማስኬን አጥልቀው ላምባውን አሸተቱ። ፊታቸው ተለወጠ። «ቀዳዳውን ሁሉ ጢሱ ይዞታል። ለመርዙ ቦታ የለም» ብለው አዲስ ማጣሪያ ከእሽጉ አወጡ።

«እኔ ምን ላውቅ! ወላሂ ለክብራችሁ ብዬ ነው» አለች እትዬ ዘሀራ።

በአዲሱ ማጣሪያ ላምባው አልሸተተኝም። ገባሁ። ማታ ልጄን ሳልፈራ አጠባሁ።

ከሰሉ መልካም ጠረንና መርዝ አይለይም። ያገኘውን ይይዛል፣ ሲሞላ ያሳልፋል። ስለዚህ ሥራ ስትጨርሱ፣ ሌላ ሽታ እንዳይሞላው በላስቲክ አሽጉት።