በኮምፒውተር የመጡ ሽማግሌዎች

የልጅ ልጄ ዶክተር ናት፤ መርፌ የማትወጋው ዓይነት። ዶክትሬቷን እንደጨረሰች አንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ለምርምር ሊቀጥራት፣ ሽበታም ፈረንጆች እዚሁ ጉለሌ፣ እኔ ሳሎን ውስጥ፣ በኮምፒውተር ይጠይቋታል።

ድሮ እኔን ሊጠይቁ በዚሁ ሳሎን የተቀመጡትን ሽማግሌዎች አባቴ መጀመሪያ መልሰዋቸዋል። በሁለተኛው እሺ አሉና እንባቸው እንዳይታይ ፊታቸውን ወደ እንጦጦ አዞሩ። እኛ ቤት ልጅ በአንድ ጥያቄ አይሰጥም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ፊት ብቅ አልኩና ፈረንጆቹን፣ «እንመካከርበት፤ ሌላ ቀን ተመለሱ» አልኳቸው።

«እማማ፣ ሥራዬን ሊያሳጡኝ ነው?»

«ያልኩትን ንገሪያቸው።»

ፊቷ በርበሬ መስሎ ነገረቻቸው። ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈችኝ።

ከዚያ ፈረንጆቹ ደወሉና እኔን አስጠሩ። «‘ተመልሰን መጥተናል፤ ልጅቷን ይሰጡናል?’ ይላሉ» አለችኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

እሺ አልኩና ፊቴን ወደ እንጦጦ አዞርኩ።