ኮፈን ላይ የተጣለ እጅ

ታክስ መጨመሩ በሬዲዮ በተነገረ ማግስት፣ ጋሽ ቁርጡ ጋራዡን ጥሎ ጠፋ ተባለ። ወሬው ሲወለድ አንዲት ቃል ነበር፤ ካፌው ውስጥ ጠረጴዛ በጠረጴዛ ሲዞር ጥርስ አበቀለ፤ በጓሮ በር ሲወጣ ጢም አውጥቶ ነበር። አንዱ፣ የቁርጥ ዋጋ ሰርቪስ ውል ሁሉ ፈርሶ ዋጋው እጥፍ ሆኗል አለ። ሌላው፣ ሰውየው የዘይት በርሜል ውስጥ ተደብቆ ድንበር ሲሻገር ያየ ሰው አውቃለሁ አለ።

ለማመን ያስቸግራል። ጋሽ ቁርጡ ከጋራዡ እስከ ካፌው ለመድረስ መንገድ ላይ ቆሞ ትንፋሽ የሚበደር ሰው ነው። ድንበር ቀርቶ አስፋልት ሲሻገርም ደጋፊ ይፈልጋል። በርሜሉም ቢሆን፣ ያንን ሆድ የሚችል ገና አልተሠራም።

ፈርቶ እንደነበር ግን አይካድም።

ቅጽል ስሙን ያተረፈው በአፉ ነው። መኪና ይዞ ለመጣ ሁሉ፣ "መኪናህን ዓመቱን ሙሉ በአንድ ዋጋ እይዝልሃለሁ። ዘይት ይወደድ፣ ፊልትሮ ይጥፋ፣ አንተን አይመለከትህም" ይላል። ከዚያ ቀኝ እጁን የሞተሩ መክደኛ ኮፈን ላይ ጥሎ፣ ሰማይ ቢደፋ ቃሉ እንደማይታጠፍ ይምላል። ለእሱ ይህች እጅ ፊርማም ማኅተምም ናት። ሰፈሩን ሁሉ ደንበኛ ያደረገው በእሷ ነው። ዘይት ሲወደድ ኪሳራውን ዋጠ። ፊልትሮ ሲጠፋም ዋጠ። ሰማዩም እስካሁን አልተደፋም። የታክስ መጨመር ግን ሲምል ትዝም ብሎት አያውቅም።

የዚያን ቀን ጠዋት፣ ወሬው ሳይወለድ፣ ሒሳቡን ለምትይዝለት የእህቱ ልጅ ደወለ።

"ዓመቱን ጠቅልለው የከፈሉትን ተዋቸው" አለችው። "ጉዳዩ በየወሩ የሚከፍሉት ናቸው። ከአሁን ወዲያ በሚከፍሉት ላይ አዲሱ ታክስ ይታሰባል። ማምለጫ የለውም፣ አጎቴ።"

"ከማን ኪስ ነው የሚወጣው?"

"እሱ ካንተ አፍ በወጣው ይወሰናል። ታክሱ ዋጋው ውስጥ ነው ብለሃቸው ከሆነ ጭማሪው ያንተ ነው። ለብቻው ነው ብለህ ከሆነ የነሱ። ምን ብለሃቸው ነበር?"

ሲሸጥ አፉ ቀድሞት ይሄዳል፤ ሲመለስ ምን ብሎ እንደመጣ አይነግረውም።

"አላስታውስም" አለ።

"እንግዲያው እነሱን ጠይቃቸው" ብላ ዘጋችው።

እነሱን መጠየቅ አንበሳን ራት በልተሃል ወይ ብሎ እንደመጠየቅ ነበር። ከሁሉም የፈራት ደግሞ የተማሪዎች ሚኒባስ ሹፌሯን ነው። በየወሩ ነው የምትከፍለው፤ ሰርቪሷም የዛሬ ነው። ይቺ ሴት አንድ ጊዜ ትራፊክ ፖሊስ አስቁሟት፣ ሲሸኛት ይቅርታ የጠየቃት ፖሊሱ ነው። የቁርጡ ቃል ታጠፈ ብላ አደባባይ ላይ ከተናገረች፣ ከዚያ ወዲያ ኮፈን ላይ እጁን ቢጥል ሰው የሚያስበው ሙቀት እየለካ ነው ብሎ ነው። ጋራዡም የርግብ ቤት ይሆናል።

የመኪና ጡሩምባ በሩ ላይ ጮኸ።

"መጣችልህ" አለች ሚስቱ ከቢሮው መስኮት።

የብሎን መፍቻ ቁልፉን ይዞ ከበሩ ራቀ። "የለም በያት።"

"የት ሄደ ልበላት?"

"ጠፋ በያት" አለና ወደ ፎሳው ወረደ። ፎሳ መኪና ከላይ ቆሞ፣ መካኒክ ከሥር ገብቶ የሚሠራበት ጉድጓድ ነው። የዕድሜ ልክ የሥራ ቦታው የዛሬን ያህል ጥልቅና ጨለማ ሆኖ አያውቅም። ግድግዳውን ተደግፎ ትንፋሹን ዋጠ።

የረሳው አንድ ነገር ነበር። በዚህ ጋራዥ ደንበኛ መኪናውን ራሱ ነድቶ ፎሳው ላይ ያቆማል፤ የባለቤቱ ሆድ ከመሪ ኋላ ስለማይገባ። ሹፌሯ ጠፋ ቢሏትም ልጠብቀው ብላ ገባች፤ ጎማዎቹ በግራና በቀኝ እየተንቀራፈፉ መጡ። ሚኒባሱ የሰማዩን ብርሃን ጋርዶ ከጭንቅላቱ ላይ እንደ ክዳን ተገጠመ። ትኩስ የዘይት ጠብታ መላጣው ላይ አረፈች። ለመጥረግ አልደፈረም።

ከላይ ሞተሩ ጠፋና የሴቲቱ ድምፅ ተሰማ። ከሚኒባሱ ወርዳ ለእናቷ ደውላ ነው። ያ ትራፊክ ያስደነገጠ ድምፅ ይንቀጠቀጣል።

"እማዬ፣ ሰውየው ጠፋ አሉኝ። ጭማሪ ሊጠይቀኝ ነው መሰለኝ። እኮ፣ 'ታክሱም ውስጡ ነው' ብሎኝ ነበር፤ እጁን ጥሎ። እኔም እሱን አምኜ ለልጆቹ ወላጆች የዓመት ቁርጥ ዋጋ ተናግሬያለሁ። ምን ብዬ ነው አሁን ቃሌን የማጥፈው?"

ጋሽ ቁርጡ የሚፈልገውን መልስ ሳይጠይቅ አገኘ። ዝም ቢል፣ ነገ 'ለብቻው ነው ያልኩሽ' ቢላት፣ ከሳሽም ምስክርም የለበትም። ይህ ሐሳብ ከጨለማው ይበልጥ አስፈራው። በቁልፉ የሚኒባሱን ሆድ አንኳኳ።

"ውስጡ ነው ካልኩ ውስጡ ነው።"

ስልኳ ወደቀ። ሚኒባሱ የተናገረ መስሏት ወደ ግድግዳው ሸሸች። "ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ጋሼ? እዛ ምን ትሠራለህ?"

"ሰርቪስ።"

"መኪናው ሳይመጣ?"

"ቀድሜ ልጠብቀው ብዬ ነው።"

ጎንበስ ብላ በጎማዎቹ መሃል አየችው። "ዋጋውስ?"

"ያው ነው። ዓመቱ እስኪያልቅ የታክሱ ጭማሪ በኔ ነው" አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ላላ ብሎን ይንቀጫቀጫል። "ለሚቀጥለው ዓመት አዲስ ዋጋ እንነጋገራለን። ያኔ ስለ ታክሱም ለይቼ ሳልነግርሽ አልምልም።"

"እጅህን ጣልበታ።"

ከሥር ኮፈን የለም። ያለው የጋለ ሞተር ነው። እጁን ጣለ፤ እንደ ቃሉም ለማቆየት ሞከረ፤ ቆዳው ግን እንደ ቃሉ አልጠነከረም።

ከሰዓት በኋላ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ፣ መንገድ ላይ ቆሞ እየተነፈሰ፣ ካፌው ደረሰ። በርሜሉን አየሁ የሚል ሰው አውቃለሁ ያለው ሰውዬ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ።

ጋሽ ቁርጡ ተቀመጠ። "ዋጋ አልጨመርኩም" አለ። "ውሌም አልፈረሰም። በርሜል ውስጥ አልገባሁም። አልጠፋሁም። ፈርቼም አላውቅም።"