ሲስተር ቀጭ እና ያልተንበረከከችው ልጅ

ልጆቹ «ሲስተር ቀጭ» ይሏቸዋል። ስሙን ያወጣላቸው ከእጃቸው የማይለየው ማጨብጨቢያ ነው፤ በማጠፊያ የተያያዙ፣ እንደ መጽሐፍ የሚከፈቱና የሚገጠሙ ሁለት ጠንካራ ሳንቃዎች። አንድ ጊዜ ቀጭ ሲል ልጆቹ ይቆማሉ። ሁለት ጊዜ ሲል ይንበረከካሉ፣ ሦስት ጊዜ ሲል ይቀመጣሉ። ሌላ ድምፅ እስኪሰማ ደግሞ ማንም ካለበት ንቅንቅ አይልም፤ ዝንብ አፍንጫው ላይ ብታርፍበትም።

በካቶሊክ ትምህርት ቤቱ ልጅ የማይመቱ መምህር እሳቸው ብቻ ነበሩ። ወንዶቹ በእረፍት ሰዓት ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ይፈነካከታሉ፤ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ደም የነካው ኮሌታ አጥቶ አያውቅም። መምህራኑም ከልጆቹ አይሻሉም። የሒሳብ መምህሩ ቅጽል ስሙ ኩርኩም ነው። ለምን እንደሆነ ለማወቅ የተማሪዎቹን ጭንቅላት መዳሰስ ይበቃል።

«ያለ ኩርኩም የቀና ልጅ ካለ ያሳዩኝ፣ ሲስተር» ይላቸው ነበር በመምህራን ማረፊያ ክፍል።

«እኔን አባቴ ሲያቀናኝ ግራ ጆሮዬን ይዞት ሄደ። አሁን እርስዎ የሚሉትን የምሰማው በግማሽ ነው።»

«ታድለዋል። ሚስቴ በሙሉ ትሰማኛለች፤ ኑሮዋን አይጠይቁኝ።»

የሲስተር አባት ሥጋ ሻጭ ነበሩ። ሲቆጡ እጃቸው የገባውን ያነሳሉ፤ ቀበቶ፣ የሚዛን ድንጋይ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የበግ እግር። ሲስተር ልጅ እያሉ የመጨረሻውን ጥፊ የቀመሱት ሱቁን ሲጠርጉ ባልዲ ስለደፉ ነው። ለብዙ ቀን ከጆሯቸው የሚወርደው ደም ትራስ ሲያበላሽ እናታቸው ሌሊት እየተነሱ ያጥቡት ነበር። በኋላ መነኮሳቱ ተቀብለው አዳሪ ተማሪ አደረጓቸው። በዚህ ቤት በሮች ሳይጋጩ ይዘጋሉ፤ ሰው ሲሮጥ አይሰማም። ያኔ ትንሽ ልጅ የነበሩት ሲስተር በመጀመሪያው ምሽት ጫማቸውን ሳያወልቁ ተኙ፤ ምግብ እንኳ ትዝ አላላቸውም። ካደጉም በኋላ ከዚያ አልወጡም። የጠራቸው እግዚአብሔር ይሁን ጸጥታው ለይተው እንደማያውቁ ለንስሐ አባታቸው ሲናዘዙ፣ ካህኑ «ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብለው አሰናበቷቸው።

መጸው ሲገባና የግቢው ዛፎች ቅጠላቸውን ማርገፍ ሲጀምሩ፣ ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ የጽሞና ቀን ይይዛል። በዚያ ቀን ከዳይሬክተሯ እስከ ዘበኛው ማንም አይናገርም። ወጥ ቤቱ እንኳ ድስቱን በጨርቅ ይዞ ነው የሚያስቀምጠው። ቀኑ የሲስተር ነው ማለት ይቻላል፤ ከመቶ የሚበልጡ ልጆች በማጨብጨቢያው ድምፅ ብቻ ይነሳሉ፣ ይበላሉ፣ ይጸልያሉ። ሲስተር በዚህ ይኮሩ ነበር። ኩራታቸውንም ይናዘዙታል፤ በዓመቱ ግን ተመልሶ ይመጣል።

አዲሷ ልጅ የመጣችው በዚያ ዓመት፣ ከጽሞናው ቀን ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። እናቷ በኋለኛው በር፣ ፊቷን በሻሽ ሸፍና አመጣቻት። የልጅቷ ቀኝ እጅ በፋሻ ታስሯል። አባቷ ጎሚስታ ነው፤ ከመኪና መንገዱ ዳር ጎማ ይጠግናል። እጇን የሰበረው መክፈቻ እንድታቀብለው ልኳት የተሳሳተ ቁጥር ስላመጣች ነበር።

«እዚህ መሆኗን አያውቅም» አለች እናቷ። «ካወቀ ይመጣል። ከመጣ ደግሞ ልጄን እንዳትሰጡብኝ።»

«አንሰጥም» አሉ ሲስተር።

ቃል ያስገባቸው የለም፤ ራሳቸው ገቡበት። ልጅቷን ከራሳቸው ክፍል መኝታ ሰጧት። ፈጥና ተላመደች፤ የማጨብጨቢያውን ምልክት ግን አላጠናችውም። ጎረቤቷን እያየች፣ ጎረቤቷ ሲያደርግ ታደርጋለች። ሲስተር ይህን አይተው፣ ጊዜ አለ፣ አሉ።

ጎሚስታው የመጣው በጽሞናው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። የበሩ ዘበኛ ጋሼ ቁልፉ ይባላል፤ ወገቡ ላይ ከተንጠለጠለው ቁልፍ የሚበዛው የየትኛው በር እንደሆነ እሱም አያውቅም። ሰውየው በሩን እየደበደበ ይሳደብ ጀመር። በሌላ ቀን ቢሆን ጋሼ ቁልፉ ከውስጥ ሆኖ የስድቡን እጥፍ ይመልስለት ነበር፤ በዚህ አይታማም። በዚያ ቀን ግን መናገር አይቻልም። ስለዚህ ትንሿን በር ከፈተና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም እንዲል ለመነው። ጎሚስታው በጎማ መፈልቀቂያ ብረቱ ግንባሩን ብሎት አለፈ።

በጸሎት ቤቱ ልጆቹ ቆመው ነበር። ሲስተር ከመሠዊያው ፊት በስተቀኝ ቆመዋል፤ በሩ በግራቸው፣ በማይሰማው ጆሯቸው በኩል ነው። የሰውየውን መግባት ያወቁት ከልጆቹ ፊት ነው። ሲዞሩ ብረቱ ጫፍ ላይ የዘበኛውን ደም አዩ።

«ልጄን» አለ ጎሚስታው። «የሰረቃችሁኝን ልጅ አምጡ።»

ለማሰብ ጊዜ ነበራቸው፤ አሰቡም። ሁሉም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሹራብ ለብሰዋል። አግዳሚዎቹ መደገፊያቸው ረጅም ነው። አንገታቸውን ደፍተው ከተንበረከኩ ከመቶ ጀርባ መሃል አንዱን መለየት አይችልም፤ እስኪፈልግም ሰው ይደርሳል። «ሩጡ» ማለት ይችሉ ነበር፤ የጸሎት ቤቱ ሁለተኛ በር ክፍት ነው። ነገር ግን እዚያ ቤት ውስጥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም፤ አፋቸው ሳይሆን እጃቸው ቀደመ። ቀጭ፣ ቀጭ።

ልጆቹ እንደ አንድ ሰው ተንበረከኩ። አግዳሚዎቹ ዋጧቸው።

አንዲት ልጅ ብቻ ቆማ ቀረች። ዓይኗ አባቷ ላይ ስለነበር ጎረቤቷን አላየችም።

ጎሚስታው በመሃለኛው መተላለፊያ ሄደ። ሲስተር ወርደው ፊቱ ቆሙ። የመጀመሪያው ምት ክንዳቸው ላይ አረፈ፤ የአጥንቱ ድምፅ ከማጨብጨቢያው ድምፅ ብዙም አይለይም። ማጨብጨቢያው ከእጃቸው በርሮ አግዳሚ ሥር ገባ። ሁለተኛው ትከሻቸውን፣ ሦስተኛው ጉንጫቸውን አገኘ። ወለሉ ላይ ወደቁ፤ ሁለት ጥርሳቸውን በምላሳቸው ገፍተው ተፉ።

ልጆቹ ተንበርክከዋል። አንዳቸውም አልተነሱም። ከፊተኛው ረድፍ ያለ ልጅ ጉንጩ ላይ የሲስተር ደም ተፈናጥሮበት አልጠረገውም። የሚያለቅሱም ነበሩ፤ አንገታቸውን እንደደፉ፣ ድምፅ ሳያሰሙ። ጎሚስታው የተንበረከኩትን እግር እየረገጠ ገባና ልጁን በፀጉሯ ይዞ በአግዳሚው ላይ ጎተታት። ፋሻዋ ተፈትቶ ተከተላት።

ልጆቹ ለምን እንደማይነሱ ለሲስተር የገባቸው ያን ጊዜ ነው። የማጨብጨቢያውን ድምፅ እየጠበቁ ነበር። በደህናው እጃቸው ወለሉን መቱ፤ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ማንም አላወቀውም።

«ተነሱ» አሉ በመጨረሻ። አፋቸው ደም ስለሞላ ቃሉ ተጨፈለቀ። ደገሙት። «ተነሱ፣ ምን ትጠብቃላችሁ? ያዙት!»

ተነሱ። ቀድሞ የደረሰው ጉንጩን ያልጠረገው ልጅ ነው፤ በጭንቅላቱ የሰውየውን ሆድ መታው። ከዚያ የነሐስ መቅረዝ ተነሳ፣ የመዝሙር መጻሕፍት ተወረወሩ፣ ጥርስም ሥራ ያዘ። ሴቶቹ ከወንዶቹ አላነሱም። ጎሚስታው በመተላለፊያው ላይ በጀርባው ወደቀ፤ ብረቱ ከእጁ ወጥቶ ከልጅ ወደ ልጅ ተላለፈ። መቅረዙ መንጋጋው ላይ ሲወርድ ጩኸቱ ተቋረጠ። ምቱ ግን አልተቋረጠም። «ይበቃል» አሉ ሲስተር፤ የሰማ የለም። ለመቆም፣ ለመንበርከክ፣ ለመቀመጥ ምልክት ነበራቸው። ለ«አቁሙ» ምልክት አበጅተው አያውቁም፤ አስፈልጓቸው አያውቅም።

ልጆቹን ከላዩ ላይ ያነሷቸው ሌሎቹ መምህራን ናቸው። ኩርኩም በኮሌታቸው እየያዘ አንድ በአንድ ሲጎትታቸው ማንንም አልመታም።

በማግስቱ ኩርኩም ሲስተር ወደተኙበት የሕሙማን ክፍል መጥቶ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀመጠ፤ በሚሰማው ጆሯቸው በኩል።

«ከተቀየሙኝ ይቀየሙኝ፣ ሲስተር። እኔ የምኮረኩማቸው ልጆች ቢሆኑ ገና በሩ ሲከፈት ብን ብለው ይጠፉ ነበር።»

ሲስተር መንጋጋቸው ስላበጠ ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። «ይጠፉ ነበር። እሷን ትተው።»

«የእርስዎዎቹስ ተንበርክከው አልተዋትም?»

ኩርኩም ማሸነፉ ደስ አላለውም፤ ብርድ ልብሳቸውን አስተካክሎ ወጣ።

ዳይሬክተሯ ልጅቷ እንድትሄድ ፈልገው ነበር። «ነገ ሌላ ብረት ይዞ ቢመጣስ? ለሌሎቹ ወላጆች ምን ልበል?»

«ልጅቷን ብናስወጣት ብረቱም ይከተላታል» አሉ ሲስተር። «መውረዱ አይቀርም። እኛ አናየውም እንጂ።»

በዚያው ሳምንት እናትየዋ ልብስ በፌስታል ይዛ ሲስተር ወደተኙበት ክፍል መጣች። አንድ ዓይኗ ተዘግቷል፤ ባሏ ልጅቷ ያለችበትን ያወጣጣት በዚህ መንገድ ነበር። «እሱ ሆስፒታል ነው። ቤቱ ሰላም ነው። እስኪወጣ ድረስ ልውሰዳት» አለች።

«ሲወጣስ?» አሉ ሲስተር።

እናትየዋ ፌስታሉን ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወረች።

«እማዬ፣ አንቺ ነይ» አለች ልጅቷ። «እዚህ አልጋ አለ።»

«እኔ እዚህ ምን ሆኜ ነው የምኖረው? ልማር ነው?»

ዳይሬክተሯ ሁለቱን አዩ፤ ከዚያም በአልጋው ላይ የተኙትን ሲስተር አዩ። «ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሰው ያንሰናል» አሉ። «ማጠብ ትችያለሽ?»

«የጎሚስታ ሚስት ይህን ትጠየቃለች? ሲስተር ይሙቱ፣ ከግሪስ ጋር የተጋባሁት እኔ ነኝ።» ስትስቅ የተዘጋው ዓይኗ አመማትና በእጇ ያዘችው።

ጎሚስታው ከሆስፒታል ወደ ፖሊስ ጣቢያ፣ ከጣቢያ በዋስ ወደ ሱቁ ሄደ። የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ሲረግፉ ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ ቆሞ ታየ። መንጋጋው በሽቦ ስለታሰረ አይናገርም። ጋሼ ቁልፉ አልከፈተም፤ ከግንባሩ ጠባሳ በስተቀር የተጨመረለት ነገር ባይኖርም ስድቡን ግን መለሰለት፣ የዚያን ቀኑንም ጨምሮ።

የእረፍት ሰዓት ነበር። ሲስተር ክንዳቸው በጀሶ እንደታሰረ ከበረንዳው ሲያዩ፣ የግቢው ጫጫታ በአንድ ጊዜ ጠፋ። የጠራቸው፣ ምልክት የሰጣቸው የለም። ልጆቹ ኳሱን ትተው ወደ በሩ ሄዱ፤ ትልልቆቹ ከፊት፣ ትንንሾቹ ከኋላ። እያንዳንዱ ድንጋይ ይዟል።

ሲስተር የቻሉትን ያህል ፈጥነው ወረዱ፤ በበሩና በልጆቹ መሃል ገቡ። ሰውየውን በፍርግርጉ አዩት። እሱ ግን የሚያየው እሳቸውን አልነበረም፤ ከኋላቸው ያሉትን ነበር። አንድ እርምጃ ወደኋላ ሄደ፣ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ዞሮ መንገዱን ተሻገረ።

ሲስተር ወደ ልጆቹ ዞሩ። የሚታዘዟቸው መሆኑን እርግጠኛ አልነበሩም።

«ድንጋዩን ጣሉ» አሉ።

አንዱ ጣለ። ሌላው ተከተለው፤ ከዚያ ብዙዎቹ፣ እያዘገሙ፣ እየተያዩ። አዲሷ ልጅ አልጣለችም። የያዘችው በእጇ ልክ የሆነ፣ ጠርዙ የሾለ ነው። ሲስተር እጃቸውን ዘረጉላት፤ ራሷን ነቀነቀች። መልሰው አልጠየቋትም። የዘረጉትን እጅ ትከሻዋ ላይ አሳርፈው ወደ ክፍል ይዘዋት ገቡ። ልጅቷ ድንጋዩን ከእርሳሷ አጠገብ፣ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣ ደብተሯን ገለጠች።